በበልግ የያዘችው በግ

ወላይታ ሶዶ በኖርኩባቸው ዓመታት ሻንጣዬን ፈትቼ ጨርሼ አላውቅም። የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ቁም ሣጥን ነበር፤ እኔ ግን ልብሴን ከሻንጣው እያወጣሁ እለብስና ታጥቦ ሲደርቅ እዚያው መልሼ እከተው ነበር። ለዝውውር ካመለከትኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በየወሩ መጀመሪያ የሰው ሀብት ክፍሉ በር ላይ እቆምና "የእኔ ጉዳይ ከምን ደረሰ?" እላለሁ። "በሂደት ላይ ነው" ይሉኛል። ከዚያ ወጥቼ ያለ ምንም ጉዳይ እስከ መናኸሪያው እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደስ ይላል። ሰዉም አክብሮ ነው የያዘኝ። የጎደለኝ ነገር አልነበረም። ብቻ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልቻልኩም።

ሥራዬ የእንስሳት እርባታ ነው። የቢሾፍቱ ልጅ ስለሆንኩ በግ በእጄ የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያ ከተማርኩት ሁሉ አንድ ነገር በጣም ወድጄው ነበር። በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል ሴት በግ ወደ ድራት የምትመጣው፣ ማለትም አውራ በግ የምትፈልገው፣ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ነው። ዓይኗ ብርሃኑን ይለካል፤ ሰውነቷም ወቅቱን ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ባንድ ሰሞን ጽንስ ይይዛሉ፣ ባንድ ሰሞን ይወልዳሉ። እኛ አገር ግን ቀኑ ክረምት ከበጋ ብዙም ስለማይለዋወጥ በግ ዓመቱን ሙሉ፣ በየአሥራ ሰባት ቀኑ አካባቢ አውራ ልትፈልግ ትችላለች። ይህንን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ወላይታ ስመጣ ግን በጎቹ ፈተናዬን ያነበቡ አይመስሉም ነበር። አንዳንድ ወር መንደሩ በግልገል ይሞላል፤ አንዳንድ ወር አንድም አይወለድም።

መሥሪያ ቤታችን ይህን ለማስተካከል አንድ ሥራ ጀመረ። በጎቹ መርፌ ተወግተው ባንድ ጊዜ ወደ ድራት እንዲመጡ ይደረጋል፤ የተመረጡ አውራዎች በመኪና መጥተው ለጥቂት ቀን ይለቀቁላቸዋል፤ ከአምስት ወር በኋላ ሣር በሚበዛበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሁሉም ይወልዳሉ። ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ቦምቤ አጠገብ ያለ አንድ ቀበሌ ለእኔ ደረሰኝ። ደስ አለኝ። የጓጓሁት ለሥራው ብቻ አልነበረም፤ ከቢሮ ስለሚያወጣኝም ነው።

በየካቲት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የአንዲት ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ቤት ነበር። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሴት ልጃቸው ቢጠና የሚባል ሌላ ከተማ አግብታ በቅርቡ ወልዳለች። ጎረቤቶቻቸው "አዬ" ይሏቸዋል፤ እናት ማለት ነው። እኔም እንደ ጎረቤቶቹ አልኳቸው። አማርኛ የሚናገሩት ለገበያና ለቢሮ ያህል ነው፤ ወንድና ሴት አይለዩበትም። ገና በሩን ሳልፍ፣

"ዶክተር፣ ደህና ነህ? ግባ" አሉኝ።

"ዶክተር አይደለሁም፣ አዬ።"

"እሺ። ግባ፣ ዶክተር።"

የነበራቸው አንዲት ሴት በግ ናት፤ ቡናማ፣ ላቷ ረዘም ያለ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። ከእንሰቱ ሥር ታስራ ደረቅ ኮባ ታመነዥካለች። ጎድኗ ይቆጠር ነበር።

"በጎች በየትኛው ወር ነው በብዛት የሚወልዱት?" ብዬ ከቅጹ አነበብኩ።

"ሣር ሲጠግብ ይፈልጋል" አሉ። "አውራ ካለ ይይዛል። አውራ የለም።"

"አውራዎቹ የት ሄዱ?"

"ፋሲካ በላ። መስቀል በላ።" እጃቸውን ወደ ገበያው አቅጣጫ ወረወሩት። "ሰው ወንድ በግ ሁሉ ይሸጣል። ሴቱ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ዝም ይላል። ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ሦስተኛው ሲጋመስ ደግሞ ይጮኻል።"

ዛሬ ሳስበው መጽሐፍ ሙሉ ነገር ነው የነገሩኝ። የበጎቹን ወቅት የሚወስነው የፀሐይ ብርሃን ሳይሆን ሣሩና የሰው በዓል እንደሆነ በጥቂት ዓረፍተ ነገር አስረድተውኛል። ቅጹ ላይ ግን ምልክት የሚደረግባቸው አራት ሳጥኖች ብቻ ነበሩ። እኔም ደግሞ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። "ዓመቱን ሙሉ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ተነሣሁ።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ በጊዜው ገባ። በመጋቢት ዳገቱ ሁሉ አረንጓዴ ለበሰ። መርፌው ግን ከተማ ላይ ዘገየ፤ በሚያዝያ መጨረሻ ልንወጋ ያሰብነው ወደ ግንቦት ተገፋ። እኔ በዚህ መሐል የማስበው ስለ ዘገየው መርፌ ብቻ ነበር። የጠገበች በግ እኛን ቁጭ ብላ እንደማትጠብቅ አላሰብኩም።

የመርፌው ቀን ጠዋት በቀበሌው ሜዳ ላይ ሰባ የሚሆኑ በጎች ተሰበሰቡ። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበርን። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ ያረገዘችን በግ ያስወርዳል፤ በተለይ ጽንሱ ሁለት ወር ሳይሞላው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ባለቤት መጠየቅ አለብን። መጠየቁን ጠየቅን። ነገር ግን ደመናው እየጠቆረ ነበር፤ በጎቹ ይጮኻሉ፤ ሰዉ ወረፋ ይሻማል፤ እኔም እንደ ልማዴ ቶሎ ጨርሼ ቶሎ መሄድ ነበር የምፈልገው።

የአዬ ተራ ደረሰ። በጓን አንድ ጎልማሳ ጎረቤታቸው አንገቷን አቅፎ ይዟታል። አምሮባት ነበር፤ ጎድኗ አይታይም።

"አዬ፣ በጓ አውራ አግኝታለች እንዴ? ይዛለች?" አልኩ መርፌውን እየሞላሁ።

"ይዟል" አሉ።

ቀና ብዬ ጎልማሳውን አየሁት። አዎ፣ ጥብቅ አድርጎ ይዟታል።

"ይዟል፣ ይዟል" አሉ ደግመው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

"አዎ፣ አየሁ፤ ጥሩ ይዟል" አልኩና አንገቷ ላይ ወጋኋት። ጀርባዋ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነፋሁ። "ቀጣይ።"

አዬ ትንሽ ቆሙ። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ የተማረ ሰው ያደረገው ነው ብለው ይሁን ምን እንጃ፣ ገመዱን ተቀብለው ሄዱ። ያ የአፋቸው አከፋፈት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

በአራተኛው ቀን ለክትትል ተመለስኩ። አዬ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ግባም አላሉኝ። ወደ ጓሮ መሩኝና ከእንሰቱ ሥር በቅጠል የተሸፈነ ነገር ገለጡልኝ። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ የደረቀ የጽንስ ከረጢት ነው። ውስጡ የጣት ያህል ነገር አለ፤ እግር የሚመስል ነገር ማውጣት ጀምሯል።

"ጣለ" አሉ።

እኔ ያልኩትን መጻፍ ይከብደኛል። "አንዳንዴ እንዲህ ይከሰታል" አልኩ። "ሣር ሲለወጥባት ሊሆን ይችላል።" ዓይናቸውን አላየሁም። ቅጼ ላይ የሆነ ነገር የምጽፍ መስዬ ቁልቁል አቀረቀርኩ። አዬ መልሰው በቅጠሉ ሸፈኑት።

ወደ ሶዶ ስመለስ አረካ ላይ ሚኒባስ ስቀይር ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የገባኝ። ይዟል። ጎልማሳውን አልነበረም ያሉት፤ በጓን ነበር። ለእሳቸው አማርኛ በጓም "እሱ" ናት፤ እኔም "አንተ" ነኝ። በየካቲትም "አውራ ካለ ይይዛል" ብለውኝ ነበር። ቃሉን የእኔው ቋንቋ ነው የሰጣቸው፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ረዳቱ "ይግቡ እንጂ" እያለኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ መኪናው ጥሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት መቀመጫ አሳጡኝ። ቢሮ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። የተጻፈውን መመሪያ አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ የእኔን ጥፋት የሚያቀልል መስመር እየፈለግሁ። አልነበረም። በዚያው ቀበሌ ሌሎች ሁለት በጎችም ጽንስ መጣላቸውን ሰማሁ። ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው።

"ሪፖርቱ ላይ 'ልዩ ልዩ' በሚለው ሥር አስገቢው" አለኝ።

"ሰዎቹስ? ማን ይነግራቸዋል?"

"ምን ብለሽ ልትነግሪያቸው? ከእንግዲህ መርፌ የሚባል ነገር ያስነካሉ?" ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፖስታ አንሥቶ ገፋልኝ። "ደግሞ አንቺ ልትሄጂ ነው። ዝውውርሽ መጥቷል። ቢሾፍቱ።"

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ወረቀት እጄ ላይ ነው። ደስታ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሪፖርት እንዳደርግ ይላል።

በማግስቱ ቦምቤ ሄድኩ። መጀመሪያ ሁለቱ ቤቶች ጋ ደርሼ እውነቱን ተናገርኩ። አንዱ ሰውዬ ተቆጣ፤ አንዷ ደግሞ እንደማታምነኝ ሆና ሳቀች። አዬን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለፈራሁ ነው። ስኳር ድንች እየኮተኮቱ አገኘኋቸው። ቋንቋው እንዳይከዳኝ ሜዳው ላይ በጓን ይዞ የነበረውን ያንን ጎልማሳ ጎረቤታቸውን አብሮኝ እንዲሆን ለምኜው ነበር። በወላይትኛ እንዲደግምላቸው ጠይቄው ጀመርኩ።

"አዬ፣ በጓ የጣለችው በሣር አይደለም። እኔ በወጋኋት መድኃኒት ነው። እርጉዝ አለመሆኗን ማረጋገጥ ነበረብኝ። በአራተኛው ቀን ስመጣ ደግሞ ዋሸሁዎት።"

ጎልማሳው ተረጎመ። አዬ መኮትኮቻውን አልጣሉም። የጀመሩትን መስመር ጨረሱ። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ፣

"ይዟል አልኩህ" አሉ።

"አዎ።"

"ሁለት ጊዜ አልኩህ።"

"አዎ፣ አዬ። ሰው የያዛት መስሎኝ ነው።"

ጎልማሳው ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ራሱን በጣቱ አመለከተ፤ ነገሩ ገባው፤ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አዬ በወላይትኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ እሱ ደግሞ ለእኔ አስረዳኝ። መንደሩ ውስጥ ከፋሲካ በፊት አውራ ጠፍቶ በጓን ይዘው ከዱቦ በታች እስካለው ወንድማቸው ቤት ሄደው ነበር፤ ግማሽ ቀን በእግር። መጀመሪያ ዘግይተው ድራቷ አልፎ ተመለሱ። አሥራ ሰባት ቀን ጠብቀው እንደገና ሄዱ። ያን ጊዜ ከአውራው ተጠቃችና ያዘች። በጳጉሜን አካባቢ ትወልድ ነበር። ግልገሏ ሴት ከሆነች ቢጠና ላለችው የልጅ ልጃቸው ቃል ገብተውላታል።

"ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

አዬ አሰብ አደረጉና "ዛሬ ስንት ቀን ነው? ሊጮህ ነው" አሉ። "ነገ፣ ከነገ ወዲያ። አውራ ወደ ቢጠና ወሰዳችሁ። እዚህ የለም። ከኔ ጋር ና። ገመዱን አንተ ትይዛለህ፤ እኔ ጉልበቴ ያመኛል።"

እውነት ነበር፤ በመኪና የመጡት የተመረጡ አውራዎች ሦስት ቀን ቆይተው ወደ ቢጠና በኩል ዞረው ነበር።

ሁለት ቀን ቦምቤ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በጓ ላቷን እያወዛወዘች፣ ሣሩን ትታ መጮህ ጀመረች። በመኪና እንሂድ ብል አዬ እምቢ አሉ፤ "በመኪና ይፈራል፣ ይረሳል" አሉ። የሰኔ ዝናብ መንገዱን አላቁጦታል። ገመዱን እኔ ያዝኩ። በጓ ወደፊት ስትጎትተኝ፣ ወደ ኋላ ስትጎትተኝ፣ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ሲቀር፣ አዬ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ከኋላዬ ይመጣሉ። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሁሉ በወላይትኛ ስለ እኔ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው ሲመልሱ ሰዎቹ ይስቃሉ። ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም።

የወንድማቸው ግቢ ስንደርስ እኩለ ቀን አልፏል። አውራው ጥቁር፣ ደረቱ ሰፊ ነው። አውራው ሲጠጋት በጓ ሸሸች፤ ግቢውን ዞረች። እኔ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ስልኬን አያለሁ። ከቢሾፍቱ "መቼ ነው የምትመጪው?" የሚል መልእክት ገብቷል። ሰዓት እቆጥራለሁ፤ ድራቷ ምናልባት ትናንት ማታ ጀምሮ ከሆነ ስንት ሰዓት ይቀራል እላለሁ።

"ቁጭ በል" አሉኝ አዬ።

ተቀመጥኩ። ወዲያው ተነሣሁ።

"አንተ ትሮጣለህ፣ በግ ያይሃል፣ እሱም ይሮጣል" አሉ። ወንድማቸው ፊቱን አዞረ፤ እንደሚስቅ አውቄያለሁ። እኔም ሳቄ መጣ። ከመርፌው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ቀን ሳይሆን ቀረ። እዚያው አደርን። ጠዋት ዝናቡ ቆሞ ጎህ ሲቀድ በጓ ራሷ ወደ አውራው ሄዳ ቆመችለት። አዬ አዩ፤ እኔም አየሁ። "አሁን እንይዛለን" አሉ። አማርኛቸውን ላርም አላሰብኩም። ሻይና ቦዬ የሚባል የተቀቀለ ሥራ ሥር ቀርቦልን በላን። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥድፊያ ሳይሰማኝ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ግን ወረቀቱ ትዝ አለኝና እንደገና መቆም መቀመጥ ጀመርኩ።

ቢሾፍቱ የደረስኩት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ሶዶን ከመልቀቄ በፊት ሪፖርቱን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ ሦስቱን በጎች "ልዩ ልዩ" ሥር አላስገባኋቸውም። ያለ ምርመራ መወጋታቸውንና ወጊዋ እኔ መሆኔን ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበው፤ ራሱን ነቀነቀና ፈረመበት። ቅጹ ላይ ለውጥ አደረጉ አላደረጉ አላውቅም። በሰኔ የተጠቃች በግ በኅዳር መጨረሻ ነው የምትወልደው፤ ሣሩ መድረቅ በሚጀምርበት። ከመርፌው በፊት በክረምቱ ማብቂያ፣ ሣር በሞላበት፣ ልትወልድ የነበረችውን እኔ ወደ በጋው ገፋኋት ማለት ነው። ይህን ልለውጠው አልችልም ነበር።

በቢሾፍቱ የምፈልገው ሁሉ ነበረ። እናቴ ቅርብ ናት፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ሆኖም እዚህም ከቢሮ ወጥቼ ያለ ጉዳይ እመላለሳለሁ። ኅዳር ሲጋመስ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ወሩ አልቆ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ወደ ጎልማሳው ስልክ ደወልኩ። ብዙ ጠራ። ከዚያ የአዬ ድምፅ መጣ፤ ስልኩን በጣም ወደ አፋቸው አስጠግተውታል።

"ሁለት ወለደ" አሉ። "አንድ ሞተ፣ ወንዱ። ወተት ትንሽ ነው። ሴቱ ይጠባል።"

"ሴቷ ደህና ናት?"

"ደህና ነው። ኮባ እሰጣለሁ፣ የስኳር ድንች ሐረግ እሰጣለሁ። እናቱ ይበላል።"

ስለ ሞተው ይቅርታ ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን አስቀድሜ ብዙ ጊዜ ብዬው ነበር። ከጀርባቸው ዶሮ ይጮኻል።

"አሁን የት ነህ?" አሉኝ።

"ቢሾፍቱ።"

"እዛ በግ አለ?"

"አለ፣ አዬ።"

"ሣር አለ?"

በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየሁ። "እየደረቀ ነው።"

"እዚህም" አሉ። ቀጥሎ ባለ ስልኩ ገበያ መሄድ እንደሚፈልግ ነገሩኝና ስልኩን መለሱለት።